ባለሎቲዋ ሽመላና ኪሳሙ ተኩላ

ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ፣ ከአየር ጠባይ በኋላ ከኳስ ውጤት በፊት፣ የጠፉት ይነበባሉ። ትርንጎ ዝርዝሩን የምትሰማው ፊቷን እየታጠበች ነው። አንባቢዋ አራተኛው ስም ላይ ስትደርስ የዕለቱ ውሃ አልቆ ቧንቧው በራሱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሳሙናው ከጆሮዋ ሥር ሳይለቅ የምትወጣበት ቀን ብዙ ነው። በዚያን ዕለት የተነበቡት አንድ የእንቁራሪት ዘር፣ ሁለት የዓሣ ዘርና አንዲት ስሟ ለምላስ የማይመች ጢንዚዛ ነበሩ። አንባቢዋ ልጅ እግር ናት፤ ድምፅዋ ደስ ይላል። «ነፍስ ይማር» አትልም እንጂ ሌላው ሁሉ መርዶ ነው። ከዚያ ኳሱ ቀጠለ።

ትርንጎ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በዝርያ ማነጻጸሪያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አነጻጻሪ ሆና ስትሠራ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው። አንድ መሬት ለሁለት ዘር ይፈለጋል፤ አንዱ እዚያው ያለ፣ የሚተነፍስ፤ ሌላው ድሮ የጠፋና በቤተ ሙከራ የሚመለስ። የኋለኞቹን ሰው ሁሉ «ተመላሾች» ነው የሚላቸው። ሁለቱ በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። እግሩ ስንት ነው፣ ምን ይበላል፣ ድምፁ እንዴት ነው፣ ልጁን በምን ያሳድጋል። መጨረሻ ላይ ማሽኑ ይደምርና መሬቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ትርንጎ ሕያው ሲያሸንፍ አይታ አታውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ፣ በስህተት እንኳ።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ቅጹ ላይ «ብርቅነት» የሚል መስመር አለ። የጠፋ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ብርቅ ስለሆነ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በሕይወት ያለ ነገር ግን አንድ ራሱን ብቻውን ቢቀርም ያው አለ ነው የሚባለው። ያለ ነገር ደግሞ ምን ብርቅ አለው?

ሕዝቡም እንዲሁ ነው፤ ቢሮው ብቻውን ምን አስወቀሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቁ ማዶ ባለው መናፈሻ፣ ተመላሽ እርግቦችን ለማየት የሚሰለፈው ሰው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ ያረፈችውን የሰፈር እርግብ «እሽ! ሂጂ ወዲያ!» ብሎ በጋዜጣ ያባርራል። ድሮ ትርንጎ ይህን ስታይ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን አሁን መሳቁም ይደክማታል።

አለቃዋ ናሁሰናይ ይባላል፤ ዕድሜው ከልጇ አይበልጥም። ክፉ ልጅ አይደለም። ስትገባ ብድግ ይላል፣ ወንበር ይስብላታል፣ ከዚያ የሞት ፍርድ የያዘውን ፋይል በሁለት እጁ ያቀብላታል።

«እትዬ ትርንጎ፣ የደንገል ሜዳው መጣ» አላት በዚያን ዕለት።

«ማን ከማን?»

«ባለሎቲዋ ሽመላ ከኪሳሙ ተኩላ።»

«ወይ ጉዴ! ምናቸው ነው የሚነጻጸረው?»

«መሬታቸው» አለ ናሁሰናይ።

ባለሎቲዋ ሽመላ ረዣዥም እግሮቿን ውሃ ውስጥ ተክላ የምትውል ወፍ ናት። አንገቷ ነጭ፣ ጀርባዋ አመድማ ነው፤ ከአገጯ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት የሥጋ ሎቲ ይንጠለጠላል። ሌላው ጨፌ ሁሉ ስለደረቀ የቀራት ደንገል ሜዳ ብቻ ነው፤ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ። ኪሳሙ ተኩላ ደግሞ የባሕር ማዶ ሰው ነው፣ ሰው ከተባለ፤ የታዝማኒያ ደሴት ተወላጅ። ተኩላ ይባላል እንጂ ከተኩላ ጋር ዝምድና የለውም። እናቲቱ እንደ ካንጋሮ ልጆቿን ሆዷ ሥር ባለ ኪስ ትሸከማለች፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ሽንትር አለው፤ ጅራቱ እንደ በትር ድርቅ ያለ ነው። የመጨረሻው ከሞተ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። አሁን አሥራ ሁለቱ በቤተ ሙከራ ተወልደው፣ ደሴታቸው ስለተቃጠለች፣ ብርድ ያለበትና ሣር የሞላበት ሜዳ ይፈለግላቸዋል። ደንገል ሜዳ ውሃው ቢንጣፈፍ ልክ የእነሱ ነው።

«የሽመላዋ ቁጥር እኮ አልቋል» አለ ናሁሰናይ። «የጠባቂው ሪፖርት በየዓመቱ ሲወርድ ሲወርድ አምና ሁለት ደርሷል። ማሽኑ ዘንድሮ ዜሮ ትገባለች ብሏል። ይሂዱና በዓይንዎ አይተው፣ የጠባቂውን ቃል ቀድተው ይዝጉት።»

በአዋጁ መሠረት የመጨረሻው ቃል የጠባቂው ነው። ከሰማይ ሆነው የሚያዩ ዓይኖች ሞልተዋል፤ ግን ተመላሾቹን ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። ለሕያዋን የተረፈ ዓይን የለም።

«እሺ» አለች ትርንጎ። ፋይሉን ስትቀበል እንኳ ክንዷ ዛለ። አንድ ጊዜ፣ ጡረታዬን ሳልወጣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምትተነፍስ ነፍስ ስታሸንፍ ባይ ምን ነበረበት አለች በሆዷ።

የደንገል ሜዳ ጠባቂ አያ እንዳላማው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የተወለዱት እዚያው ጨፌው ዳር ባለችው ጎጆ ሲሆን፣ ጥበቃውን ከአባታቸው ነው የተረከቡት። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ትርንጎ ስትደርስ በሩ ላይ ቆመው ጤናዋን፣ ልጇን፣ መንገዱን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠየቋት፤ እሷም በተራዋ ጠየቀቻቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፅ መቅጃው ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ንፍሮ አቀረቡላት። እየቆረጠመች ጠየቀች።

«እና አያ፣ ስንት አሉ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «ኧረ ምን አሉ ብለሽ፣ እታለም። የሉም ማለት ይቻላል። ሁለት ቢሆኑ ነው። እነሱም የታመሙ ይመስሉኛል።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

በደንገል በተሠራች ታንኳ ገቡ። አያ እንዳላማው ቆመው በረዥም እንጨት ይገፋሉ፤ ትርንጎ ጉልበቷን ታቅፋ ተቀመጠች። ፊላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ሁሉም አንድ ግድግዳ ነው። ሽማግሌው አንድ ቦታ ሲደርሱ ታንኳዋን አቆሙና ፊላውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት።

ትርንጎ እጇን በአፏ ጫነች።

ውሃው ነጭ በነጭ ሆኗል። ግማሾቹ ጎንበስ ብለው ጭቃ ይቆፍራሉ፤ ግማሾቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ላይ እየዘለሉ ይጨፍራሉ፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ አንዷ አንዲት ጫጩቷን አስከትላ በዝግታ ትሄዳለች። አሥራ አራት ዓመት በቅጽ ላይ ስትጽፋቸው የኖረቻቸው ነገሮች፣ እግርና አንገትና ድምፅ፣ በአንድ ላይ ቆመው ሲንቀሳቀሱ አየች። ከዚያ የሥራ ልማድ ነውና ጣቷን ቀስራ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ማለት ጀመረች።

አያ እንዳላማው እጇን ቀብ አደረጉት። «በጣት አይቆጠሩም! ምን ነካሽ? ዓይን ልታስገቢባቸው ነው?»

«አያ፣ እርስዎ እኮ ሁለት ናቸው ያሉኝ!»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ከብትህ ስንት ነው ሲሉት «ይህን ያህል ነው» ብሎ ልኩን የሚናገር ሰው አይተሻል? የእናትሽ ልጆች ስንት ናቸው?»

«ሰባት ነበርን።»

«እናትሽስ ሲጠይቋት ስንት ትል ነበር?»

እናቷ ሰባቱም ምድጃው ዙሪያ ተደርድረው እየታዩ «ምን አሉኝ፣ ሦስት አራት ናቸው» ስትል ስንት ጊዜ ሰምታለች። ማንም ውሸት አይለውም። የምትወደውን ነገር ልክ አትናገርም፤ በቃ።

«አባቴም እንዲህ ነበር የሚያስመዘግብ፤ እኔም እንዲሁ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ ዓይን እንዳያያቸው አሳንሼ ተናገርሁ።»

«በየዓመቱስ ለምን ይቀንሷቸዋል?»

«ዘመኑ በየዓመቱ ከፋ ነዋ! ሲከፋ አብዝተሽ ትሸሽጊያለሽ እንጂ።»

ትርንጎ ታንኳዋ ውስጥ ሳቀች። ስትስቅ ታንኳዋ ተናጠች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ ባለሙያ፣ በቢሮው ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርሰው ቁልቁል የሚወርድ የቁጥር መስመር፣ ሲሥል የኖረው የአንድ ሽማግሌን ሥጋት ነበር። ከዚያ ጣቷን ጭብጥ ውስጥ ሸሽጋ በዓይኗ ብቻ ቆጠረች። ስልሳ ሦስት ናቸው፤ ጫጩቶቹን ሳይጨምር።

ሳቋ ግን ጎጆው እስኪደርሱ አልቆየም። ከማሽኑ ጋር የተገናኘውን ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስልሳ ሦስት ብላ ብትሞክረው ሽመላዋ ተሸነፈች። ብዙ ናት፣ ክንፍ አላት፣ ሌላ ቦታ ትሂድ አለ ቅጹ። ሌላ ቦታ የሚባል እንደሌለ የሚጻፍበት መስመር የለውም። ሁለት ብላ ሞከረችው፤ አሁንም ተሸነፈች። ጥቂት ናት፣ ብትቀርም ከሁለት ወፍ አይበልጥም አለ። ሰላሳ አለች፣ አንድ አለች። ኪሳሙ ተኩላ በሁሉም አሸነፈ። ሞቶ እንኳ፣ ኧረ ስለሞተ!

«ምን ይላል?» አሉ አያ እንዳላማው፣ በትከሻዋ አሻግረው እያዩ።

«ይደርቃል ይላል፣ አያ። በሚመጣው ወር ቦይ ይቆፈራል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እነሱስ?»

ትርንጎ ቅጹን ዘጋችው፣ መልሳ ከፈተችው። ከዚያ በአሥራ አራት ዓመት ሥራዋ አንድም ቀን ያልጻፈችውን ቁጥር ጻፈች። ዜሮ።

ማሽኑ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሌላ ገጽ አወጣ። ሁለቱም የጠፉ ከሆነ መሬቱ ቀድሞ ለኖረበት ይሁን ይላል። ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ጨፌው ይታሸጋል፤ ውሃውን የሚነካ፣ ቄጤማውን የሚያጭድ፣ ከአጥሩ የሚያልፍ የሰው ልጅ አይኖርም። ሽመላዋን ለመመለስ ደግሞ ተራዋ እስኪደርስ ከፊቷ አራት መቶ ሟቾች ተሰልፈዋል። ትርንጎ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሕያው ሆና ጠብታ ውሃ ያልተፈቀደላት ወፍ፣ ሞተች ቢባል ጨፌው በሙሉ የሷ ነው። ደግሞም ጠፋ ተብሎ የተዘጋን ዘር ማንም ዓይን ተመልሶ አይፈልገውም።

ነገሩን ለአያ እንዳላማው አስረዳቻቸው። «ማለት የሚጠበቅብዎ አንድ ቃል ነው። የለችም ይበሉልኝ፣ ልቅዳው። ሰላሳ ዓመት አሳንሰዋቸው የለ?»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ። እንዲህ ሲቆጡ ትርንጎ ደነገጠች።

«ትንሽ ናቸው ማለት መሸሸግ ነው። የለም ማለት መቅበር ነው! በገዛ አፌ ልቅበራቸው? ነገ በእውነት ቢያልቁ እኔ ሞት ጠራሁባቸው አይደለም? ሂጂ፣ እታለም። በሰላም ሂጂ። እኔ ይህን አልልም።»

ትርንጎ በቅርብ ባለችው ከተማ አደረች። ጠዋት የጠፉትን ዝርዝር ሳትሰማ ወጥታ ተመለሰች። አያ እንዳላማው ጨፌው ዳር ተቀምጠው ገመድ ይፈትሉ ነበር። ሰላምታውን አሳጥረው ተቀበሏት፤ ይህ ለእሳቸው ከስድብ አይተናነስም። እሷም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትለምናቸው አስባ ነበር፤ ጉልበት አጣች። ውሃውን አየች።

ሽማግሌው ራሳቸው ጀመሩ። «ያ አውሬ፣ ባለኪሱ። ምን አድርጎ ነው የጠፋ?»

«በግ በላ ተብሎ።»

«በልቶ ነበር?»

«አንዳንዴ ይሆናል። አብዛኛው የውሻ ሥራ ነበር ይላሉ። ግን የገደለው ሰው ይሸለም ነበር፣ አያ። ቆዳውን አምጥቶ ይሸለማል።»

«እኛም ሽመላዋን ሽምብራ ትለቅማለች ብለን ስናባርር ነው ያደግን» አሉ አያ እንዳላማው። «ሆዷን ከፍቶ ያየ ሰው ግን የለም። ጭቃ ቆፍራ ሥራ ሥር ነው የምትበላ። እና የሱ መጨረሻው?»

«የመጨረሻው በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ነበር። ማደሪያው ተዘግቶበት፣ ውጭ ብርድ ላይ ቀርቶ ሞተ ይባላል። አይነካ የሚለው ሕግ የወጣለት ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው ነው።»

«ሁለት ወር!» ገመዱ ከእጃቸው ላላ። «ወንድ ነበር ሴት?»

«እሱም ዛሬ ድረስ ያከራክራቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎ ያየው ሰው የለም ማለት ነው። ከሞተ በኋላ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጫካ ለጫካ ፈልገውታል።»

«ሳለ ያልፈለጉትን?»

«ሳለ ያልፈለጉትን።»

አያ እንዳላማው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪሳሙ ተኩላ አንጀታቸውን በላው። «እሱስ ምን አጠፋ? የሰው ቤት ሊገባ እሱ አልጠየቀ» አሉ። «ሽመላዋ ግን አንዲት እንቁላል ነው እኮ የምትጥል፣ እታለም። ሁለት ብትጥልም የምታሳድገው አንዲቱን ነው። ኪስ የላትም። ይዛት የምትሸሽበት የላትም።»

ከዚያ ገመዱን አስቀመጡት። «በይ አምጪው መቅጃሽን።»

ትርንጎ መቅጃውን አወጣች፤ ግን አልከፈተችውም። ከትናንት ጀምሮ የሸሸገቻቸው ነገር ነበር። ሳትነግራቸው ብትቀዳው ሥራው ያልቃል፤ ቤቷም ትገባለች። ደክሟታል። ግን አልቻለችም።

«አያ፣ ያልነገርሁዎ አለ። ሲታሸግ እርስዎም ይወጣሉ። ጎጆውም ከአጥሩ ውስጥ ነው። ለጠፋ ወፍ ጠባቂ የለውም፤ ሰው የሚባል አይገባም። ተመልሰው አያዩዋቸውም።»

አያ እንዳላማው ጎጆውን አዩ፣ ፊላውን አዩ። «እኔማ እንደነሱ ክንፍ የለኝ። የት ነው የምሄድ?»

«እኔ ጋ አንድ ክፍል አለች» አለች ትርንጎ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። «ውሃዋ ትንሽ ናት። ግን አለች።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ጨፌው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መቅጃው ተከፈተ። «እኔ እንዳላማው፣ የደንገል ሜዳ ጠባቂ…» ብለው ቆሙ። «ባለሎቲዋ ሽመላ የለችም። አልቃለች። የለችም።» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ትርንጎ መቅጃውን ዘግታ አብራቸው አለቀሰች።

ማሽኑ ቃሉን መረመረ። ድምፁን መዝኖ ሐዘኑ እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ሐዘኑ እውነተኛ ከሆነ ሞቱም እውነተኛ ነው ብሎ ደመደመ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከአየር ጠባይ በኋላ ከኳስ በፊት፣ ልጅቷ በዚያ ደስ በሚል ድምፅዋ «ባለሎቲ ሽመላ» ብላ አነበበች። ትርንጎ ፊቷ ሳሙና እንደሆነ ቆማ ሰማች። ኪሳሙ ተኩላ ሌላ ሜዳ ይፈለግለት ተባለ።

የማሸጊያው ቀን ናሁሰናይ ራሱ መጣ። አንድ ሾፌር፣ ትርንጎና እሱ፤ ሌላ ሰው የለም። አጥሩ ቀድሞ ታጥሯል። አያ እንዳላማው ዕቃቸውን በአንድ ጆንያ ቋጥረው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ናሁሰናይ በሁለት እጁ ጨብጧቸው «እግዜር ያጥናዎት» አላቸው፤ ከልቡ ነው ያለው። ሽማግሌው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

ትርንጎ ፊርማ ተፈርሞ፣ በሩ ታሽጎ የሚሄዱ መስሏት ነበር። የመዝጊያውን ሥርዓት አታውቀውም፤ እሷ ከቅጹ አልፋ ሄዳ አታውቅም። ናሁሰናይ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ አውርዶ አጥሩ ሥር ሲያስቀምጥ ስታይ ወደ እሱ ቀረበች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስንብት ነው፣ እትዬ ትርንጎ። የጠፋው ዘር ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ በቦታው ይሰማል። ከድሮ የተቀዳ አለን።»

«ይቅር፤ ምን ያደርጋል? ሽማግሌውን ማሳዘን ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። አንዲት ሽመላ በሕይወት አለች ከተባለ ፋይሉ ይመለሳል፤ ወር ሳይሞላ ቦዩ ይቆፈራል። ሽማግሌውም ይህን ያውቃሉ።

«ደንብ ነው» አለ ናሁሰናይና ተጫነው።

ድምፁ እንደ እምቢልታ ረዥም ነው። ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፣ ቀጥ አለ። አራቱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ነፋስ ፊላውን አንቀሳቀሰው።

ከዚያ ከፊላው ውስጥ አንዷ መለሰች። ወዲያው ሌላዋ ተከተለች።

ናሁሰናይ ቀና አለ። «ምንድን ነው እሱ?»

የመለሱለት አያ እንዳላማው ናቸው። «የገደል ማሚቶ ነው» አሉ።

ደንገል ሜዳ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ለጥ ያለ ነው። ገደል ቀርቶ ጉብታ የለውም። ሾፌሩ ሜዳውን አየ፣ ቀጥሎ ጫማውን አየ። ናሁሰናይ ጎንበስ ብሎ ድምፅ ማጉያውን አጠፋው፤ ጆሮውን ወደ ጨፌው አዘንብሎ ቆመ። ትርንጎ በሆዷ ዝም በሉ፣ በሞቴ ዝም በሉ ትላለች። ግን ወፎቹ ከመቶ ዓመት በፊት የተጠራው ጥሪ ደርሷቸው፣ እንግዳ መጣብን ይሁን ዘመድ መጣልን ብለው እንደሆን እንጃ፣ እንደገና ጮኹ። በዚህኛው ቀረብ ብለው ነው። አሁን የሚስተጋባ ድምፅ የለም።

ናሁሰናይ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «ይህን ድምፅ ያውቁታል?»

አያ እንዳላማው ጆንያቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ከጀርባቸው ሦስተኛዋ ጀመረች፤ እሳቸው ግን ዞር አላሉም።

«አላውቀውም» አሉ። «ሰባ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር ሰምቼው አላውቅም።»

ናሁሰናይ ሽማግሌውን ብዙ አያቸው። ከዚያ ሰነዱን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ የሚጽፈውን ደግሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። «በቦታው… የገደል ማሚቶ… ይሰማል።» ፊርማውን አኖረ። ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ሲያልፍ ትርንጎ አጠገብ ቆም አለ።

«ማሚቶው ትንሽ ይዘገያል እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። ሄዶ በሩን አሸገው።

ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ገቡ፤ ትርንጎ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሆነ ነገር ልትላቸው ፈለገች፤ እጃቸውን ልትይዝ ፈለገች።

«እታለም፣ አሁን አታናግሪኝ» አሉ። «መስኮቱን ብቻ ክፈቺልኝ። እስኪርቅ ልስማቸው።»

ከፈተችላቸው። መኪናው ሲነሣ አቧራው ወደ ውስጥ ገባ፤ ሾፌሩን ሳል ያዘው፣ ናሁሰናይ ዓይኑን አሸ። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ማንም መስኮቱን ዝጉ አላለም።